የፊልም መክፈቻ ዘፈን እንዴት ይመረጣል? በጎጃም ለሚሠሩ ጀማሪዎች

ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት የምንገባው ተጋፍተን ነበር። ፊልሙ ሲጀምር የተዋናዮቹ ስም ይወጣል፤ ዘፈኑም አብሮ ይመጣል። ያኔ ከኋላ አንዱ "እለፈው! እለፈው!" ብሎ ይጮኻል። ባለቤቱም ሪሞቱን አንስቶ ያሳልፈዋል። እኔ በጣም እናደድ ነበር። ለእኔ ፊልሙ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሰዎቹ ገና አልተዋወቁንም፤ አንድ ቃል አልተነገረም፤ ዘፈኑ ግን ልባችንን ማዘጋጀት ጀምሯል።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሰርግ እቀርፃለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ከጓደኞቼ ጋር አጫጭር ፊልም እሠራለሁ። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ የሚመጡ ልጆች ሥራቸውን ያሳዩኛል። ቀረጻቸው ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ነው። መክፈቻቸው ግን ይመሳሰላል። ከኢንተርኔት የወረደ ከበሮ የበዛበት ሙዚቃ፣ የሚሽከረከር ፊደል፣ አለቀ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ኤዲቱ በአብዛኛው ያለቀ ፊልም፣ ደህና ኢርፎን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ። ፊልሙ ሳይቆረጥ ዘፈን መምረጥ አትጀምሩ። ዘፈኑን ከወደዳችሁት በኋላ ፊልሙን ለእሱ ስትሉ ማጣመም ይመጣል።

አንደኛ፦ ወርቁን ጻፉ

አጎቴ የቅኔ ተማሪ ነበር። ከቅኔ ዓይነቶች ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ሁለት ቤት ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ቤቶች ውስጥ ሰሙም ወርቁም መግባት አለበት። መክፈቻ ዘፈንን የምረዳው በዚህ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሲሰማው ሰሙ ይበቃዋል። ፊልሙ አልቆ ሲያስታውሰው ወርቁ ይገለጥለታል። ወርቁን መጀመሪያ ላይ ከተናገራችሁት ለመጨረሻው ምንም አልተረፋችሁም።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ተመልካቹ መጨረሻ ላይ የሚያውቀው፣ መጀመሪያ ላይ ግን የማያውቀው ነገር ምንድን ነው?

የራሳችንን ምሳሌ ልንገራችሁ። አሥራ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ሠርተን ነበር። አንዲት እናት ልጇን ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። ሌሊት ዕቃ ትሸክፍላታለች፤ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ትሸኛታለች። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ራሷ በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ እንደተዳረች እናውቃለን። ልጇን የምትልከው እሷ ያላገኘችውን መንገድ ልትሰጣት ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም "ትዝታ ይሁን" አልን። መለያየት አለ፣ እናት አለች፣ መናኸሪያ አለ። ግን ትዝታ ሰሙን ብቻ ነው የሚደግመው። ወረቀቱን ስናየው "ሰርግ" የሚል ቃል ነበረበት። የሰርግ ዜማ መረጥን፤ ቀስ ተደርጎ በማሲንቆ የሚጫወት። ተመልካቹ መጀመሪያ ሲሰማ ልጅቷ ልትዳር ነው ይላል። ሲያልቅ ግን ያ ሰርግ የማን እንደነበር ይገባዋል።

ሁለተኛ፦ የሌሎችን መክፈቻ ሦስት ሦስት ጊዜ እዩ

አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ድምፁን ዘግታችሁ፣ አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። እኔ ደጋግሜ የምወዳቸውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1952 የወጣው "ሃይ ኑን" ሲጀምር ቴክስ ሪተር የሚዘፍነው ባላድ፣ ማለትም ታሪክ የሚተርክ ዘፈን አለ። በሰርጉ ቀን ያለ ሰው ሙሽራይቱን እንዳትተወው ይለምናል። ይህ ዘፈን ኦስካር አግኝቷል። ታሪኩን አስቀድሞ ይነግረናል ትሉ ይሆናል። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የሚነግረን ጥያቄውን ነው። ትተወዋለች ወይስ አትተወውም? መልሱን ለፊልሙ ተወው።

"ዘ ግራጁዌት" 1967 ላይ ደስቲን ሆፍማን ኤርፖርት ውስጥ በሚንቀሳቀስ መሄጃ ላይ ቆሟል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከላይ የሳይመንና ጋርፈንከል "ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ" ይሰማል። ዘፈኑ ለፊልሙ የተሠራ አይደለም፤ ከፊልሙ በፊት ታዋቂ ነበር። ልጁ አንድም ቃል አይናገርም። ዝምታው የማን እንደሆነ የምንረዳው እያደር ነው።

አሁን ሠላሳ ዓመት ወደፊት ሂዱ። በ1997 ኳንቲን ታራንቲኖ "ጃኪ ብራውን"ን ሲከፍት ፓም ግሪርን በዚያው ዓይነት መሄጃ ላይ አቆማት። ሥዕሉ ያኛውን ሆን ብሎ ያስታውሳል። ዘፈኑ ግን የቦቢ ዎማክ "አክሮስ 110ኛ ስትሪት" ነው፤ የመንደር ትግል ያለበት፣ ላብ ያለበት ዘፈን። ያኛው ልጅ መሄጃው ይወስደዋል። ይህቺ ሴት ግን ቀና ብላ የራሷን መንገድ የምትሄድ ትመስላለች። ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሥዕሉ ያው ነው፤ ዘፈኑ ግን የምናየውን ሰው ለወጠው። ሁለቱን አከታትላችሁ ሳታዩ ወደ ሦስተኛው እንዳታልፉ።

"ሚን ስትሪትስ" 1973 ላይ ማርቲን ስኮርሴዚ የሮኔትስን "ቢ ማይ ቤቢ" የሚያስገባበትን እዩ። ሰውየው ከአልጋው ተነስቶ መስታወት አይቶ ተመልሶ ይተኛል። ራሱ ወደ ትራሱ ሲወርድ ከበሮው ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት ካሜራው ይጠጋል። ዘፈኑ የሚያወራው ፍቅር ነው፤ ሰውየው ግን እንቅልፍ አጥቷል።

"ሳተርደይ ናይት ፊቨር" 1977 ደግሞ እግር ነው። ጆን ትራቮልታ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ብሩክሊን ውስጥ በቢ ጂስ ዘፈን ይራመዳል። "ስቴዪን አላይቭ" በደቂቃ ወደ 103 ምት ገደማ አለው። ለዚህም ነው ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫንን ሲያስተምሩ የሚጠቀሙበት። በከተማ መንገድ ደረቱን ነፍቶ ለሚራመድ ወጣት ልክ ፍጥነቱ ነው።

"ዘ ላየን ኪንግ" 1994 የሚጀምረው በደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም የዙሉ ጥሪ ነው። የፊልሙ ርዕስ ግን አይቸኩልም። ዘፈኑ ሁሉ ካለቀ በኋላ በአንድ የከበሮ ምት ድንገት ይወጣል። ርዕሳችሁን የት እንደምታወጡ ስታስቡ ይህን አስታውሱ።

አንድ የእኛ ነገር ደግሞ አለ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ተጠቅሟል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ለመንገዱ እንዲሆነው ሲዲ ይሰጠዋል፤ ሙላቱን የምንሰማው መኪናው ውስጥ ነው። መክፈቻው ላይ ያለው ዘፈን ሌላ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ውሳኔ ነው። ከሁሉ የምትወዱት ሙዚቃ የግድ መክፈቻ ላይ መዋል የለበትም። አንዳንዱ ሙዚቃ መንገድ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፦ አሥር ዘፈን ሰብስቡ፣ ሰባቱን ጣሉ

ከስልካችሁ ብቻ አትሰብስቡ። እናታችሁ ቡና ስታፈላ የምታንጎራጉረውን ጠይቁ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ የሚያጫውተውን ስሙ። አዝማሪ ቤት ግቡ። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ካገኛችሁ ቁሙና አዳምጡ።

ከአሥሩ አጠገብ ቅኝቱን ጻፉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ። ቅኝቱን በጆሯችሁ መለየት ካልቻላችሁ ሙዚቀኛ ጓደኛ ጠይቁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ትዝታ ገና ሲነካ የእኛ ተመልካች ያዝናል። ቃል አያስፈልገውም። ፊልማችሁ ራሱ የሚያሳዝን ከሆነ ሐዘኑን ሁለት ጊዜ አታቅርቡለት። እኔ ጆሮ ላይ አንቺሆዬ የማያሳርፍ ስሜት አለው፤ የሆነ ነገር ሊመጣ ነው የሚል። ለመክፈቻ ብዙ ጊዜ የምሞክረው እሱን ነው።

ከዚያ መጣል ጀምሩ። ግጥሙ የፊልሙን ታሪክ የሚናገረውን ጣሉ። በዚህ ዓመት ሁሉም ሰርግ ላይ የሰማችሁትን ጣሉ። ጢስ ዓባይን እያሳያችሁ ስለ ዓባይ የሚዘፍን ዘፈን ከሆነ እሱንም። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት፤ በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው አልበሟ ላይ ያለውን "ዓባይ" ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ግን መክፈቻ ላይ ብታስገቡት ተመልካቹ ፊልማችሁን አያይም። ዘፈኑን ነው የሚሰማው፤ የራሱን ትዝታ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ዘፈን ከጀማሪ ፊልም ይበልጣል።

አራተኛ፦ ምቱን ቁጠሩ

የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ ከሥዕሉ ላይ አስቀምጡ። ምንም አትቁረጡ፤ ዝም ብላችሁ እዩ። አንዳንዴ ሳታስቡት አንድ ምት በር ሲዘጋ ላይ ይወድቃል። ያን ጻፉት።

አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ ለ30 ሰከንድ ምቱን ቁጠሩና በሁለት አባዙት። የደቂቃው ምት ይህ ነው። ካሜራችሁ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርፅ ከሆነ፣ 1,500ን ለደቂቃው ምት አካፍሉ። አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚይዝ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 100 ምት ከሆነ 15 ፍሬም። የእኛ የማሲንቆ ዜማ 75 ነበር፤ ስለዚህ 20 ፍሬም። መክፈቻችን 80 ሰከንድ ስለነበር በአጠቃላይ 100 ምት ሆነ። እያንዳንዱ ስም አራት ምት ያዘ፤ ሦስት ሰከንድ ከምናምን። በጭክጭካ የሚሄድ ዘፈን ከሆነ በስድስት ስድስት ቁጠሩ፤ በአራት ከቆጠራችሁት ይጠፋባችኋል።

ሰው የሚጫወተው ማሲንቆ እንደ ማሽን አይደለም። ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ቁጥሩ ለመነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ቆረጣ በጆሮ አድርጉ። በየምቱ ሥዕል መቀየርም አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ብቻ ሥዕልና ምት ይገናኙ፤ ሌላውን ልቀቁት።

አምስተኛ፦ ፈቃድ

የመጀመሪያ ፊልማችን ላይ ታዋቂ ዘፈን ያለ ፈቃድ አስገብተን ነበር። ኢንተርኔት ላይ በጫንነው በማግስቱ ድምፁ ተዘጋ። የተዘጋው ደግሞ ዘፈኑ ብቻ አይደለም፤ የተዋናዮቻችን ንግግርም አብሮ ሄደ። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

አንድ የተቀዳ ዘፈን የአንድ ሰው አይደለም። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረ፣ የዘፈነ፣ ገንዘብ አውጥቶ ያሳተመ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁሉንም ይመለከታል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ "ዘፋኙን አውቀዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል" አይበቃም። መጀመሪያ አሳታሚውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሌሎቹን ውል የያዘው እሱ ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የፊልሙ ስም፣ የዘፈኑ ርዝመት፣ የት የት እንደሚታይና ክፍያው ይኑር።

ደራሲው የማይታወቅ ጥንታዊ የሕዝብ ዜማ ከሆነ ራሳችሁ አስጫውቱት። አንድ ድምፃዊ የቀዳውን ግን አትውሰዱ፤ ቅጂው ባለቤት አለው። ብዙ የሚያምሩ መክፈቻዎች ከዚህ መንገድ ወጥተዋል። "ፐልፕ ፊክሽን" 1994 ላይ የሚሰማው "ሚሲርሉ" ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው፤ ዲክ ዴል በኤሌክትሪክ ጊታር አጣድፎ ሲጫወተው አዲስ ነገር ሆነ።

ስድስተኛ፦ ከአዝማሪ ጋር መሥራት

እኔ ለጎጃም ፊልም ሠሪ የምመክረው ይህን ነው። የኛ ሰፈር ሀብት እዚህ ጋ አለ።

ጊዜውን ምረጡ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ደህና አዝማሪ አይገኝም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ቀረጻ አይታሰብም። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ጥሩ ነው።

ክፍያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ሽልማት ክፍያ አይደለም። ይህም ሥራ ነው፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ አድርጉት።

አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" ብሎ ግጥም መስጠት የተለመደ ነው። ለፊልም ግን ግጥም ይዛችሁ አትሂዱ። ታሪኩን ንገሯቸው። እኛ አብረናቸው የሠራነው ሽማግሌ ባለማሲንቆ ነበሩ፤ "አያ" ነበር የምንላቸው። ታሪኩን ሰምተው ትንሽ ዝም አሉ። "ልጄ፣ እንግዲህ ይህ ሰርግ እልልታ የለውም" አሉኝ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀውን የሰርግ ዜማ ግማሹን ብቻ ተጫወቱና የዜማውን ጭራ ሳይነኩ ያዙት። የት ላይ እንደሚመልሱት እየጠበቅን ቀረን። ያ መጠበቅ ፊልሙ ውስጥ አለ። እኔ ብጽፈው አላመጣውም ነበር።

ለመቅዳት ስቱዲዮ ካልቻላችሁ ጭቃ ቤት ይሻላል፤ ብሎኬት ቤት ያስተጋባል። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ። ፍሪጅ ንቀሉ። ስልኮችን ሁሉ የበረራ ሞድ ላይ አድርጉ። ማይኩን ከማሲንቆው አንድ ሜትር ያህል አርቁት፤ ከተጠጋ የደጋኑ ፍትጊያ ድምፁን ይውጠዋል። በስልክ የምትቀዱ ከሆነ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን የተጣጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት። ቅጂው ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን፣ 48 ኪሎኸርዝ። የድምፁ ከፍታ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ።

ዕጣኑ ጭራው ላይ ተቀብቶ፣ ማሲንቆው ተቃኝቶ ሲያልቅ ወዲያው አትጀምሩ። አሥር ደቂቃ ለራሳቸው ይጫወቱ፤ ያንንም ቅዱት። ከዚያ ሦስት ዓይነት ውሰዱ፦ ማሲንቆ ብቻ፣ ማሲንቆና ድምፅ፣ ድምፅ ብቻ። በመጨረሻም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ለ30 ሰከንድ ቅዱ። ኤዲት ላይ ክፍተት ሲኖር የሚሸፍናችሁ እሱ ነው።

ሰባተኛ፦ ስሞቹን አስቀምጡ

የእኛ ሰው ግጥም ይሰማል። አማርኛ ግጥም እየተዘፈነ ስም አንብብ ብትሉት አንዱን ይተዋል፤ የሚተወውም ስሙን ነው። ስለዚህ ስሞቹ በመሣሪያው ክፍል ላይ ይውጡ። ድምፁ ሲገባ ጽሑፉ ይቁም።

ፊደሉ ወፍራም ይሁን። የፊደሎቻችን ልዩነት ትንሽ እግር ወይም ቀለበት ላይ ነው፤ ከቀጠነ ስልክ ላይ አይለይም። እያንዳንዱን ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ጠይቁ። ኃይሌ በየትኛው ሀ፣ ሠናይት በየትኛው ሰ። ሰው ለስሙ ፊደል ያስባል። የባለማሲንቆውም ስም መክፈቻው ላይ ከተዋናዮቹ ጋር ይውጣ እንጂ መጨረሻ ላይ አይወርወር።

ስምንተኛ፦ ከዘፈኑ መውጫ

ብዙ ጀማሪ ድምፁን ቀስ አድርጎ ዝቅ ያደርግና ይጨርሳል። ይሠራል፤ ግን ዘፈኑ የደከመው ይመስላል። የተሻሉ መውጫዎች አሉ። ያው "ፐልፕ ፊክሽን" ስሞቹ እየወጡ ሳለ ሬዲዮ ጣቢያ ሲቀየር ያሰማና ሌላ ዘፈን ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ መኪና ውስጥ ነን። እናንተም ዘፈኑን ወደ ሚኒባስ ሬዲዮ ወይም ወደ ጎረቤት ቴፕ ልታስገቡት ትችላላችሁ። የታችኛውንና የላይኛውን ድምፅ ቀንሳችሁ መካከለኛውን ብቻ ስትተዉት ከትንሽ ስፒከር የመጣ ይመስላል። በነፃ በሚገኙት የኤዲት ፕሮግራሞች፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ በኦዳሲቲ ይህ ይሠራል።

እኛ ማሲንቆውን መሀል ላይ ቆረጥነው። ዚፕ ሲዘጋ። የልጅቷ ቦርሳ ነበር።

ዘጠነኛ፦ በስልክ ፈትኑት

አብዛኛው ሰው የሚያያችሁ በስልክ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ በቤዝ የተሞላ ሙዚቃ እዚያ ላይ ይሞታል። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ግን ይሰማሉ።

ፊልሙን ላላዩ ሦስት ሰዎች መክፈቻውን ብቻ አሳዩና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ሦስቱም ትክክለኛውን ካወቁ ወርቁ ወጥቷል፤ ወደ አንደኛው ተመለሱ። ሦስቱም ምንም ካልመሰላቸው ሰሙም አልደረሰም። ፊልሙን ሁሉ ካሳያችኋቸው በኋላ ደግሞ መክፈቻውን እንደገና አጫውቱላቸው። ፊታቸውን እዩ፤ ንግግራቸውን አትጠብቁ።

ከመጫናችሁ በፊት ባለማሲንቆውን ጋብዙና አሳዩ። አያ ሲያዩት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ "ሦስተኛው ሥዕል ላይ ቸኮላችሁ፤ ጭራው ገና አላለቀም ነበር" አሉ። መልሰን አዳመጥን። ልክ ነበሩ። ሥዕሉን አሥራ ሁለት ፍሬም አስረዝመን እንደገና አወጣነው።